ከኢሻ በኋላ ሁለት መስመር፦ ሥራና ልጅ ሳያግዳቸው የጻፉ ወላጆች



ከተወሰነ ጊዜ በፊት በሰፈራችን ለረጅም ዓመታት ኪታብ ሲያስቀሩ የኖሩ አንድ ሸይኽ ወደ አኼራ ሄዱ። አላህ ይዘንላቸው። እኛም «እኚህ ሰው እንዲሁ መረሳት የለባቸውም» ብለን ታሪካቸውን ለመጻፍ ተነሳን። ለተዕዚያ ወደ ቤታቸው በሄድንበት ቀን ልጆቻቸውን ጠየቅን። የተወለዱት በየትኛው ዓመት ነው? ማን ማን ዘንድ ቀሩ? ወደዚህ ከተማ የገቡት መቼ ነው? ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ «ከደርግ በፊት ይመስለኛል» አለ። ሌላው «ኧረ በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ነው» አለ። ካስቀሯቸው ሸይኾች የሁለቱን ስም እንጂ የሦስተኛውን የሚያስታውስ አልተገኘም።

ትልቋ ልጃቸው እንባዋን እየጠረገች እንዲህ አለችን፦ «አባባ ማታ ማታ ሁሉንም ይነግሩን ነበር። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ እጽፈዋለሁ እል ነበር። ግን አራት ልጆች አሉኝ፣ ሱቅ አለኝ። መቼ ልጻፈው?»

መልስ አልነበረንም። በዚህ ገጽ የምንጽፈውም ብንሆን አብዛኞቻችን የልጆች አባትና እናት ነን። ልጅ አስተኝተን፣ የነገ ምሳ አስበን፣ የቤት ኪራይ አስልተን ስናበቃ እጃችን ብዕር አያነሳም። ያ ጥያቄ ግን ቤታችን ድረስ ተከተለን። እውነት መጻፍ ሥራ የሌለው ሰው ነገር ነው? ቀደምቶቻችን እነዚያን ሁሉ ኪታቦች የጻፉት ልጅ ስለማያለቅስባቸው ነው? እስቲ ወደ ታሪክ እንመለስና እንይ።

*የባግዳዱ ሸይኽ ደብተር*

ጊዜው በሂጅራ 460 ነው፤ እ.ኤ.አ. 1068 ማለት ነው። ቦታው ባግዳድ። ኸሊፋው አል-ቃኢም ናቸው፣ የሰልጁቁ ሱልጣን ደግሞ አልፕ አርስላን። ታዋቂው የኒዛሚያ መድረሳ ከተከፈተ ገና ዓመቱ ነው። በዚህ ከተማ ውስጥ አቡ ዐሊ አል-ሐሰን ኢብኑል በንና የሚባሉ ዕድሜያቸው ስልሳ ያለፈ የሐንበሊ ዐሊም ይኖሩ ነበር። የተወለዱት በሂጅራ 396 ነው። በትልልቅ መስጂዶች ሐዲስና ፊቅህ ያስተምራሉ፣ ሰው ሕልም ይዞ እየመጣ ያስፈታቸዋል፣ ያዘጋጇቸው ኪታቦች ከመቶ በላይ እንደሆኑ ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ከዚህ ሁሉ ጋር አባት ናቸው። ከልጆቻቸው አንዱ የሕያ የተወለደው በ453 ነው። ስለዚህ በዚያን ጊዜ ገና የሰባት ዓመት ገደማ ልጅ ነበር።

እኚህ ሰው ከሚያስተምሩበትና ከሚያዘጋጁት ኪታብ ሌላ አንድ ነገር ነበራቸው፤ የግል ደብተር። በየዕለቱ የሆነውን ቀኑን እየጠቀሱ ለራሳቸው ይጽፉ ነበር። ከዚያ ደብተር ከሸዋል 460 እስከ ዙልቀዕዳ 461 ያለው ክፍል፣ በራሳቸው የእጅ ጽሑፍ፣ እስከ ዘመናችን ደርሷል። ደማስቆ በሚገኘው የዛሂሪያ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ቆየና ጆርጅ መቅዲሲ የተባለ ተመራማሪ በ1956 እና 1957 አሳተመው።

ምን ጻፉበት? ማን እንደሞተ። በከተማው ምን ግርግር እንደተነሳ። በወጣቱ ዐሊም በኢብኑ ዐቂል ምክንያት በሐንበሊዎች መካከል የተነሳው ክርክር የት እንደደረሰ። ሰዎች ያዩት ሕልምና እሳቸው የሰጡት ፍቺ። ዛሬ አንብቡልኝ ተብሎ የተጻፈ አይደለም። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ ሰዋስው አላስጨነቃቸውም፣ የሰፈር አነጋገርም ይገባበታል። ያ ሁሉ ያማረ ኪታብ የሚያዘጋጅ ብዕር እዚህ ሲደርስ ጫማውን አውልቆ ቤቱ እንደገባ ሰው ነው።

ቆም ብለን ማሰብ ያለብን እዚህ ላይ ነው። እኛን ከመጻፍ የሚያግደን አንዱ ነገር «ካልተዋበ አይጻፍ» የሚል ሐሳብ ነው። ሸይኹ ግን ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ለይተው ያውቁ ነበር። አንዱ ለተማሪ የሚሰጥ ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል። ሌላው እንዳይረሳ የሚያዝ ነው፣ ሁለት መስመር ይበቃዋል።

*ለምን ቀን መጻፍ ያስጨንቃቸው ነበር?*

ይህ ልማድ ከሐዲስ ዒልም ጋር የተያያዘ ነው። አንድ ሰው «ይህን ሐዲስ ከእገሌ ሰምቻለሁ» ሲል ኡለሞቹ ዝም ብለው አይቀበሉም። አንተ የተወለድከው መቼ ነው? እሱ የሞተው መቼ ነው? በዚያ ዓመት የት ከተማ ነበር? ብለው ይጠይቃሉ። የሞተበትን ዓመት የጻፈ ሰው ካለ ውሸታሙ እዚያው ይጋለጣል፣ እውነተኛውም ይመሰከርለታል። ለዚህ ነው አንድ የሰፈር ሸይኽ ሞቶ ቀኑ ሳይጻፍ ሲቀር ያንገበግባቸው የነበረው። ለዓመታት ቆይተው ትልልቆቹን የታሪክ ኪታቦች ያዘጋጁት ሰዎች ከተመገቡባቸው ምንጮች አንዱ እንዲህ ያለ ትንሽ የማስታወሻ ልማድ ነው።

አሁን የሸይኻችንን ቤት እናስታውስ። «ከደርግ በፊት ይመስለኛል።» አንድ መስመር፣ አንድ ቀን ማታ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት ቢጻፍ ኖሮ ዛሬ አንከራከርም ነበር።

*የልጆቹ ተማሪ*

የኢብኑል በንና ልጆች አደጉ። አቡ ጋሊብ አሕመድና የሕያ ሁለቱም የሐዲስ አስተማሪዎች ሆኑ። አቡ ጋሊብ በሂጅራ 527፣ ያ የሰባት ዓመት ልጅ የነበረው የሕያ ደግሞ በ531 አረፉ። ከሁለቱም ዘንድ ሐዲስ ከሰሙት የባግዳድ ልጆች መካከል አንዱ በኋላ ዓለም ያወቃቸው ኢማም ኢብኑል ጀውዚ ናቸው፤ ረሒመሁሙላህ።

ኢብኑል ጀውዚ አባታቸው የሞቱት እሳቸው የሦስት ዓመት ልጅ ገደማ ሳሉ ነው። አክስታቸው ናቸው አሳድገው፣ እጃቸውን ይዘው ወደ ዐሊም ያደረሷቸው። ሲያድጉ ስለ ጊዜ የነበራቸው ጥንቃቄ የሚገርም ሆነ። ወሬ የሚወድ እንግዳ ሲመጣባቸው ፊት መንሳት አይሆንላቸውም፣ ጊዜውን መስጠትም ያንገበግባቸዋል። ስለዚህ ለእንደዚያ ያለ ሰዓት የሚሆን ሥራ አስቀድመው ያዘጋጁ ነበር፤ ወረቀት መቁረጥ፣ ብዕር መቅረጽ፣ ደብተር መስፋት። እጅ እንጂ ልብ የማይፈልግ ሥራ ሁሉ ለጨዋታ ሰዓት ይቆያል። ሰው ሲሄድና ቤቱ ጸጥ ሲል ወረቀቱ ተቆርጧል፣ ብዕሩ ተቀርጿል፤ መጻፍ ብቻ ነው የቀረው።

«ሰይዱል ኻጢር» የተሰኘው ኪታባቸው የዚህ ልማድ ውጤት ነው። ስሙ የሐሳብ አደን እንደማለት ነው። ሐሳብ ወደ ልብ መጥቶ ወዲያው የሚበር ነገር ስለሆነ ሳይሸሽ በጽሑፍ መያዝ አለበት ብለው ነው የጀመሩት። በውስጡ ያሉት አብዛኞቹ ምዕራፎች አጫጭር ናቸው። ስለ ድካም፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ራሳቸው ስሕተት ጽፈውበታል።

አባትነታቸው ግን ይበልጥ የሚታየው «ለፍተቱል ከቢድ» በተባለችው ትንሽ መልእክት ውስጥ ነው። አላህ ዐሥር ልጆች ሰጥቷቸው ነበር፤ አምስት ወንድና አምስት ሴት። ከሴቶቹ ሁለቱ፣ ከወንዶቹ ደግሞ አራቱ ሞቱባቸው። በዚያን ጊዜ የቀረላቸው ወንድ ልጅ አቡል ቃሲም ብቻ ነበር። እሱም በዒልም ሲሰንፍ አዩት። ተቆጥተው ብቻ አልተዉትም። ብዕር አነሱና ከልጅነታቸው ጀምሮ እንዴት እንደኖሩ፣ ምን እንደራባቸው፣ ምን እንደጠቀማቸው ለልጃቸው ጻፉለት። አባታቸውን በቅጡ ሳያውቁ ያደጉ ሰው ልጃቸው አባቱን እንዲያውቅ ጻፉ።

ታሪኩ በዚህ አምሮ ቢያልቅ ደስ ባለን፤ ግን አላለቀም። ኢማሙ በእርጅናቸው ወደ ዋሲጥ ተግዘው አምስት ዓመት በቆዩበት ጊዜ ይኸው ልጅ የአባቱን ኪታቦች አውጥቶ እንደሸጠ ታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። ምክሩ በጊዜው አልሠራም። ነገር ግን አቡል ቃሲም ዕድሜው ሲገፋ ኪታብ በክፍያ እየገለበጠ የሚኖር ጸሐፊ ሆነ። በ630 እስኪሞትም ሰዎች ከእሱ ሐዲስ ይሰሙ ነበር። አባቱ የጻፉለት መልእክት ደግሞ ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ እነሆ የኛ ልጆች ይመከሩበታል። ወላጅ ዛሬ የጻፈው ለየትኛው ቀን እንደሚሆን አያውቅም። መጻፉን ብቻ ነው የሚያውቀው።

*ውል ጸሐፊውና ፀጉር አስተካካዩ*

«እነሱማ ዐሊሞች ናቸው፤ እኛ ማን ነን?» የሚል ይኖራል። እንግዲያው ወደ ደማስቆ እንሂድ።

አሕመድ ኢብኑ ጠውቅ (ከሂጅራ 834 እስከ 915) በመምሉኮች ዘመን መጨረሻ የኖሩ የምስክርነትና የውል ጸሐፊ ናቸው። ቀኑን ሙሉ የሰው ጋብቻ፣ የሰው ሽያጭ፣ የሰው ብድር ሲጽፉ ይውላሉ። ሥራቸው ራሱ መጻፍ ስለሆነ ማታ ብዕር ማየት ሊያስጠላቸው ይገባ ነበር። እሳቸው ግን ከ885 እስከ 908 የሚደርስ የዕለት ማስታወሻ ያዙ። የአየሩ ሁኔታ፣ የእህል ዋጋ፣ የሞተ ሰው፣ የተፈራረሙት ውል፣ የቤታቸው ጉዳይ ሁሉ አለበት። ዛሬ ታትሞ አራት ትልልቅ ጥራዝ ሆኗል። በዚያ ዘመን ደማስቆ ውስጥ ተራ ሰው እንዴት ይኖር እንደነበር ማወቅ የሚፈልግ ተመራማሪ የሳቸውን በር ሳያንኳኳ አያልፍም።

በዚያው ከተማ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ አሕመድ አል-ቡደይሪ የሚባሉ ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1741 እስከ 1762 የከተማቸውን ወሬ መዘገቡ። ዳቦ ስንት ገባ፣ ገዢው ምን አደረገ፣ ማን ሞተ፣ ሕዝቡ ምን አለ። ለዘመናት ታሪክ ይጻፍ የነበረው ከላይ ወደ ታች እያየ ነው፤ እኚህ ሰው ከመላጫቸው አጠገብ ሆነው ከታች ወደ ላይ አዩት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንድ የደማስቆ ዐሊም ጽሑፉን ሲያስተካክሉ ትርፍ የመሰላቸውን ቆረጡት። ኋላ የመጀመሪያው ጽሑፍ አየርላንድ ውስጥ ደብሊን ከተማ ባለ ቤተ መጻሕፍት ሲገኝ ተመራማሪዎች የተቆረጠውን ነው በጉጉት የፈለጉት። ዛሬ «ይሄ ምን ይጠቅማል?» ብለን የምንተወው ነገር ነገ በጣም የሚፈለገው ሊሆን ይችላል።

*እናቶቻችንስ?*

እዚህ ላይ አንድ እውነት ሳንሸፋፍን እንናገር። ከላይ የጠቀስናቸው ሁሉ ወንዶች ናቸው። እነሱ ሲጽፉ ልጁን ያባበለ፣ እሳቱን ያነደደ፣ ዱቄቱን ያቦካ ሰው ነበር። የዚያ ሰው ስም በደብተሩ ላይ የለም፣ ወይም በጨረፍታ ነው ያለው። ስለዚህ «አባቶቻችን ጊዜ ካገኙ አንቺ እንዴት አጣሽ?» ብለን እናትን ብንወቅስ በደል ነው።

ሆኖም በዚህ ሸክም ውስጥም የጻፉ እናቶች ነበሩ። ናና አስማኡ የሸይኽ ዑስማን ዳን ፎድዮ ልጅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1793 ዛሬ ናይጄሪያ በምትባለው አገር ተወለዱ። ባላቸው ጊዳዶ የሶኮቶ ዋና ወዚር ስለነበሩ ቤታቸው እንግዳ የማይለየው ትልቅ ቤት ነበር። ልጆች ወልደው አሳድገዋል። በዚያ ላይ ሴቶችን ያስተምሩ ነበር፤ ከገጠር የሚመጡ ሴቶችንም አሠልጥነው በየመንደሩ አስተማሪ አድርገው ይልኩ ነበር። ይህን ሁሉ እየሠሩ በፉላኒ፣ በሐውሳና በዐረብኛ ጻፉ። ከስልሳ በላይ ሥራዎቻቸው እስከ ዛሬ አሉ።

የጻፉት የዕለት ማስታወሻ አይደለም፤ ግጥም ነው። ነገር ግን ከዕለት ኑሯቸው የተቀዳ ነው። ከትምህርቱ ጎን ለጎን ጓደኛ ስትሞትባቸው ለጓደኛቸው ጻፉ። ሹመት ያልነበራቸውን፣ በደግነታቸውና በጉርብትናቸው ብቻ የሚታወቁ ሴቶችን በስም እየጠሩ ጻፉላቸው። ማንም ታሪክ ጸሐፊ የማይመዘግባት ጎረቤት በእሳቸው ብዕር ተመዘገበች። ይጽፉ የነበረው ከሥራቸው ተለይተው አልነበረም። የሚያስተምሩትን ይጽፋሉ፣ የጻፉትን ያስተምራሉ። ጊዜ ያገኙት ሁለቱን አንድ በማድረግ ነው። ወረቀቶቻቸው ደግሞ በዘሮቻቸው ቤት ተጠብቀው ቆዩ።

*እኛስ ምን እናድርግ?*

ይህ ልማድ ለኛ አገርም እንግዳ አይደለም። በሐረርም ሆነ በወሎ ከአያት የተወረሰ የእጅ ጽሑፍ ኪታብ የገለጠ ሰው በህዳጉ ወይም በባዶው ገጽ ላይ «ልጄ እገሌ በዚህ ቀን ተወለደ» የሚል መስመር ሊያገኝ ይችላል። ወረቀት ውድ በነበረበት ዘመን አባት ለልጁ ልደት አንድ መስመር ቦታ አላጣም። እኛ ወረቀቱ ሞልቶን ልማዱን አጣነው። በቀን ስንት መልእክት በስልካችን እንጽፋለን? ስልኩ ሲሰረቅ ወይም ሲቀየር አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ ከእነዚህ ሰዎች የተማርነውን ለራሳችንም ለእናንተም እናስታውስ።

አንደኛ፣ ሰዓቱን ከሰላት ጋር እናስረው። ነፃ ጊዜ የሚጠብቅ ሰው አይጽፍም። ኢሻ ግን በየቀኑ አይቀርም። ከኢሻ በኋላ ሁለት መስመር ከሦስት ደቂቃ በላይ አይወስድም።

ሁለተኛ፣ እንደ ኢብኑል ጀውዚ አስቀድመን እናዘጋጅ። ደብተሩና እስክሪብቶው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይቀመጥ። ስንፈልግ ያች ሦስት ደቂቃ ታልቃለች።

ሦስተኛ፣ ቀን እንጻፍ፤ በሂጅራም በኢትዮጵያም። ስም ስንጽፍ ከነአባቱ እንጻፍ። የጤፍ ዋጋ፣ የልጅ የመጀመሪያ ሱራ፣ የእናት ሕመም፣ የጎረቤት ሞት፤ ትንሽ የሚባል የለም።

አራተኛ፣ የሰውን ነውር አንጻፍ። ማስታወሻ ሐሜት የሚጠራቀምበት ጎተራ አይደለም። አላህ የሸፈነውን እኛም እንሸፍን።

አምስተኛ፣ ይህ በተለይ ለወንዶች ነው። ባለቤትህ እንድትጽፍ ከፈለግክ ደብተር መግዛት ብቻ አይበቃም። ልጁን ያዝላት፣ ሳህኑን እጠብላት። የቀደሙት እናቶቻችን ስም ከደብተሩ የጎደለው ይህ ስለጎደለ ነው።

ገና ያላገባችሁ ወጣቶችም ይህ አይመለከተንም አትበሉ። ወላጆቻችሁ ለመጻፍ ጊዜ ካጡ እናንተ ጸሐፊያቸው ሁኑ። ዛሬ ማታ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቋቸው፤ «አባ፣ መጀመሪያ የቀራኸው ማን ዘንድ ነው?» ወይም «እማ፣ ወደዚህ ከተማ የመጣሽው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» የሚመልሱላችሁን ጻፉት። የሸይኻችን ልጆች ይህን ጥያቄ የሚጠይቁት ሰው ዛሬ አጠገባቸው የለም።

በቅርቡ ወደ ትልቋ ልጃቸው ሱቅ ጎራ ብለን ነበር። ይህን ሁሉ ስንነግራት ዝም ብላ ሰማችን። ከዚያ ከመደርደሪያው ሥር የዱቤ ደብተሯን አወጣችና ከኋላ በኩል ገለጠችው። ከፊት በኩል የሰው ዕዳ፣ ከኋላ በኩል ደግሞ የእሷ ነገር። ተዕዚያው ካለቀ ጀምሮ ሱቅ ከመዝጋቷ በፊት ሁለት ሁለት መስመር እየጻፈች ነው። አንዱን እንድናነብ ፈቀደችልን፦ «ሰኞ። ትንሹ ዐምማን ጨረሰ፣ ለጓደኞቹ ከረሜላ ሰጠሁ። ስኳር አልመጣም። ሌሊት አባባን በሕልሜ አየኋቸው፤ ነጭ ለብሰው ያስቀራሉ።»

የሞተን መናፈቅ፣ የገበያ ወሬ፣ ሕልም። ሱቋ ውስጥ ቆመን የባግዳዱን ሸይኽ ደብተር አስታወስን።

አላህ የወላጆቻችንን ሥራ ይቀበልልን፤ ጊዜያችንን ይባርክልን። አሚን። በእናንተ ቤት በድሮ ኪታብ ወይም ደብተር ላይ የተጻፈ የአባት ወይም የአያት ማስታወሻ ካለ በጥንቃቄ አስቀምጡት፤ ዛሬ ማታም ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሩበት።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።